የድር ይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች አመጣጥና ለመዝገበ ቃላት ሥራ ያላቸው አግባብነት

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ክፍል ቀደም ባለው ጊዜ በመጨረሻ የሚያስብበት ጉዳይ የኅትመቱ ጉዳይ ነበር። ቃላቱ ተለቅመው፣ ተፈትተውና ታርመው ካለቁ በኋላ የወረቀቱ ዓይነት፣ የፊደሉ መጠንና የገጹ አከፋፈል ይወሰን ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የመጀመሪያው መቶ ቃል ገና ሳይፈታ «በምን ሥርዓት ላይ ነው የሚወጣው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ለኮምፒዩተር ባለሙያው ይመራና በዋጋ ወይም በዝና ተመዝኖ ይወሰናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄው የቋንቋ ባለሙያውም ጥያቄ መሆኑን ከታሪኩ ተነሥቶ ማሳየት ነው። የድር ይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቡድን የተለየ ችግር የተወለዱ ናቸው፤ ያን ጊዜ «የሚያዘው ነገር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስም እስከ ዛሬ በውስጣቸው አለ። መዝገበ ቃላት በሥርዓቱ ላይ ሲጫን ቃሉ ያንኑ መልስ ለብሶ ይወጣል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ስያሜዎቹ

አስቀድሞ ስያሜውን ማጥራት ያስፈልጋል። «ድር» የሸማኔ ቃል ነው፤ ማግ የሚገባበት፣ በቁመት የተዘረጋው ፈትል ድር ይባላል። የሸረሪት ድርም አለ። ስለዚህ በኮምፒዩተር መረብ ላይ የተዘረጋውን የገጾች ትስስር «ድር» ማለት ባዳ ትርጉም አይደለም፤ ቋንቋው ከቤቱ ያገኘው ነው። ችግሩ የሚመጣው «ድረ ገጽ» ከሚለው ጥምር ቃል ነው። አሠራሩ እንደ «ቤተ መጻሕፍት» እና እንደ «መዝገበ ቃላት» በግዕዝ የዝርዝር አያያዝ የተሠራ ሲሆን፣ በቀጥታ ቢተረጎም «የድር ገጽ» ማለት ነው፤ ማለትም አንድ ገጽ። ሕዝቡ ግን ቃሉን የተቀበለው ለአንዱ ገጽ ሳይሆን ለመላው ስብስብ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት «ድረ ገጽ» ሲባል ብዙ መቶ ገጾች ያሉት ሊሆን ይችላል። ይህ በተራ ንግግር አያውክም። ይሁንና አንድ ተርጓሚ የእነዚህን ሥርዓቶች የማዘዣ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመልስ «ድረ ገጽ ፍጠር» እና «ገጽ ፍጠር» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ጎን ለጎን ይቀመጡበታል፤ ተጠቃሚውም አንዱን ለማድረግ ሌላውን ይጫናል። ልማዱ አንዴ ስለ ጸና ወደ ኋላ መመለስ የሚቻል አይመስልም። በዚህ ጽሑፍም «ድረ ገጽ» የምንለው ሙሉውን ስብስብ፣ «ገጽ» የምንለው አንዱን ነው።

ሥርዓቱን ራሱን አንዳንዶች «የይዘት አስተዳደር ሥርዓት» ይሉታል። «አስተዳደር» ግን በአማርኛ ለመንግሥትና ለመሥሪያ ቤት የዋለ፣ ድርጊትንና ተቋምን የሚያመለክት ስም ነው፤ መሣሪያን አያመለክትም። መሣሪያን ለመሰየም ቋንቋችን የታወቀ መንገድ አለው፤ መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ ማጣሪያ እንደምንለው ሁሉ «ማስተዳደሪያ» ማለት ይቀላል። «ይዘት» የሚለው ቃል ደግሞ ያለ ማመንታት የሚወሰድ ነው። «ያዘ» ከሚለው ግሥ መውጣቱ ከእንግሊዝኛው አቻ ጋር ያመሳስለዋል፤ የእንግሊዝኛውም ቃል ሥሩ በላቲን «አጠቃሎ መያዝ» የሚል ነውና ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ተጉዘዋል።

ከአንባቢና ከጸሐፊ መለያየት የተወለደ መሣሪያ

ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማእከል የድሩን ሐሳብ ሲያቀርብ የነበረው ችግር የታወቀ ነው፤ ተመራማሪዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ የጻፉት ሰነድ ግን የት እንዳለ አይታወቅም። በቀጣዩ ዓመት የጻፈው የመጀመሪያው ፕሮግራም ገጽን ማንበቢያ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው መስኮት ገጽን ማረምና አዲስ መጻፍ ያስችል ነበር። አንባቢና ጸሐፊ አንድ ሰው ነበሩ። ሰርን ቴክኖሎጂውን በኤፕሪል 1993 ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ፣ በዚያው ዓመት የተሠራውና ድሩን ለሕዝብ ያዳረሰው ሞዛይክ የተባለው ፕሮግራም ግን የማንበቢያ መሣሪያ ነበር። ጽሕፈቱ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ገጽ ማዘጋጀት የኤችቲኤምኤልን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ሥራ ሆነ። በመቶ ገጾች ላይ የሚታየውን የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ለመለወጥም መቶውን ፋይል አንድ በአንድ መክፈት ግድ ነበር።

የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የተባለው ሁሉ ይህን የተለያየውን መልሶ ለማገናኘት የተደረገ ሙከራ ነው። ጽሑፉ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ የገጹ መልክ በአብነት ተለይቶ ይያዛል፤ ገጹ የሚሠራው አንባቢው ሲጠይቅ ነው። በዚህ ሁሉም ይስማማሉ። የሚለያዩት በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የንግድ ሥርዓቶች ከዜና ድርጅቶች ሥራ የወጡ ነበሩ። ሲኔት የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድርጅት ለራሱ ካዘጋጀው መሣሪያ የበቀለው የቪኜት ኩባንያ ምርት ስሙ «ስቶሪሰርቨር» ነበር፤ የሚያዘው ነገር ዜና መሆኑን ስሙ ይናገራል። ዋጋቸው ትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚችሉት ስለ ነበር በእኛ ሥራ ላይ ያሳደሩት ነገር የለም።

ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበን ከአንድ ሰው ጠረጴዛ የተነሡት ናቸው። ዋርድ ከኒንግሃም በማርች 1995 «ዊኪዊኪዌብ» ብሎ የሰየመው ድረ ገጽ ማንኛውም አንባቢ ማንኛውንም ገጽ እንዲያርም ፈቀደ፤ ቃሉን ያገኘው በሆኖሉሉ የአውሮፕላን ማረፊያ ከሚመላለስ አውቶቡስ ስም ሲሆን በሃዋይ ቋንቋ «ቶሎ ቶሎ» ማለት ነው። በርነርስ ሊ ያሰበው የአንባቢና የጸሐፊ አንድነት በዚህ ተመለሰ ማለት ይቻላል። በዊኪ ሥርዓት የሚያዘው ነገር ገጽ ነው፤ ገጹም የሚታወቀው በርእሱ ነው። ርእሱ ስሙ ብቻ ሳይሆን ማንነቱ ነው። በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 የተጀመረው ውክፔዲያ በመጀመሪያ በዚህ ዓይነት ቀላል ፕሮግራም ይሠራ ነበር፤ በ2002 ማግኑስ ማንስከ በፒኤችፒ ቋንቋ አዲስ ጻፈለት፣ በዚያው ዓመት ሊ ዳንኤል ክሮከር እንደገና አሻሻለው፤ ሚዲያዊኪ የሚለውን ስም ያገኘው በ2003 ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ የተቋቋመው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። እግረ መንገዳችንን፣ የአማርኛው ውክፔዲያ አዘጋጆች «አብነት» ለሚለው «መለጠፊያ»፣ ለገጾች ምድብ «መደብ» ማለታቸው ለስያሜ አጥኚ የሚጠቅም ምስክር ነው፤ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ በሥራ ላይ እያሉ የሰየሟቸው ናቸውና።

ድሩፓል የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያ እትም የወጣውም ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ድሪስ ባይታርት በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በሚኖርበት ቤት መልእክት የሚለዋወጡበት ሰሌዳ ሠራ። ሰሌዳውን ወደ ድሩ ሲያወጣው በደች ቋንቋ «መንደር» ማለት የሆነውን «ዶርፕ» የሚለውን ስም ሊያስመዘግብ ፈልጎ ፊደሎቹ ተቀያየሩበትና «ድሮፕ» ሆነ። ስሙን ወደደው። ይህም በእንግሊዝኛ «ጠብታ» ስለ ሆነ፣ ለፕሮግራሙ የደቹን «ድሩፐል» (ጠብታ) በእንግሊዝኛ አነባበብ አስተካክሎ ሰጠው። የፊደል ግድፈት የፈጠረው ቃል ነው። በድሩፓል የሚያዘው ነገር «ኖድ» ይባላል፤ «አንጓ» ብንለው ያስኬዳል። አንጓ ገጽም፣ ዜናም፣ የጥያቄ መጠይቅም ሊሆን ይችላል፤ ምን እንደሚይዝ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። በተለይ ሰባተኛው እትም በጃንዋሪ 2011 ከወጣ ወዲህ ለእያንዳንዱ የአንጓ ዓይነት የራሱን መስኮች መቅረጽ የሥርዓቱ ዋና አካል ሆኗል።

ጁምላ በሌላ መንገድ መጣ። ማምቦ የተባለ ሥርዓት አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ ይዞት ነበር፤ በኦገስት 2005 የሥርዓቱን ባለቤትነትና አመራር በሚመለከት አለመግባባት ተነሣና አብዛኞቹ ፕሮግራመሮች ኮዱን ይዘው ወጡ፣ በሚቀጥለው ወር አዲሱን እትም በአዲስ ስም አወጡ። ስሙን የወሰዱት ከስዋሂሊ ነው፤ «ጁምላ» ሁሉ በአንድነት፣ በጠቅላላ ማለት ነው። የስዋሂሊው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የእኛው «ጅምላ»ም ከዚያው ምንጭ ነው። የመርካቶ ነጋዴ «በጅምላ ነው የምሸጠው» ሲል የዚህን ሥርዓት ስም እየጠራ መሆኑን አያውቅም። በጁምላ የሚያዘው ነገር «ጽሑፍ» ሲሆን በመደብ ውስጥ ይቀመጣል፤ እስከ 2011 ድረስ መደቡ ከሁለት ደረጃ በላይ ሊዘልቅ አይችልም ነበር።

የመጨረሻው ወርድፕሬስ ነው። ሚሼል ቫልድሪጊ በ2001 የጀመረው አንድ የዕለት ማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ሥራው በተቋረጠ ጊዜ ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል ኮዱን ወስደው በሜይ 27 ቀን 2003 በአዲስ ስም አወጡት። በማግሥቱ ዓመት ተፎካካሪው ሙቨብል ታይፕ የፈቃድና የዋጋ ደንቡን ሲያጠብቅ ብዙ ተጠቃሚዎች ወደ ወርድፕሬስ ፈለሱ። ዛሬ በቆጣሪዎች ግምት ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእርሱ ይሠራሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሥርዓቱ የዕለት ማስታወሻ ልጅ መሆኑን ነው። የሚያዘው ነገር «ልጥፍ» ነው፤ ልጥፍ ቀን አለው፣ አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች ይሰለፋል። ቀን የማይታይበት «ገጽ» የተጨመረው በ2005 ነው። ሌሎች የይዘት ዓይነቶችን መፍጠር በይፋ የተደላደለው በ2010 ነው። ይህም ሆኖ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ገጹም፣ ሥዕሉም፣ የምናሌው መስመርም ሁሉ የሚቀመጡት ልጥፎች በሚባለው በዚያው ሠንጠረዥ ነው። የመዝገበ ቃላት ቃልም ሲገባ ቀን ተሰጥቶት ይገባል። ቃል ግን የተመዘገበበት ቀን ሳይሆን የተነገረበት ዘመን ነው ያለው።

የግዕዝ ፊደል በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ

ሥርዓቶቹ የተወለዱበትን ዓመት ከፊደላችን ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይገባል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ሦስተኛው እትም በሴፕቴምበር 1999 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የአማርኛውን ሆሄ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደ ፈቀደ ያስቀምጥ ነበር። አንባቢው ያንኑ ፊደል በኮምፒዩተሩ ካልጫነ የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ድርድር ነበር። ኮምፒዩተሩ ራሱም የሚያየው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን የተጻፉ ሰነዶችን ዛሬ ለመፈለግ የሚሞክር ሰው ይህን ያውቀዋል።

ከ1999 በኋላም መንገዱ አልተጠረገም። ከላይ የጠቀስናቸው ሥርዓቶች በአመዛኙ ጽሑፋቸውን የሚያኖሩት ማይኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ነው። ቋቱ ዩኒኮድን ማስተናገድ የጀመረው በ2004 በጸናው በ4.1 እትሙ ሲሆን፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር እስከ 2018 ድረስ የሚይዘው የምዕራብ አውሮፓን የላቲን ፊደል፣ ቅደም ተከተሉም በስዊድን ደንብ ነበር፤ ሠሪው ኩባንያ የስዊድን ነበርና። በዚህ ምክንያት ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ሳያውቁት በስዊድን ደንብ ሲተዳደሩ ኖረዋል። አንዱ የግዕዝ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ቋቱ ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የላቲን ፊደላት ቆጥሮ ያስቀምጣቸውና ሲጠየቅ እንዳሉ ይመልሳቸዋል። ለአንባቢው ሁሉም ደኅና ይመስላል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ሰርቨር በሚዛወርበት ቀን ግን አንዱ ሆሄ ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ይፈታል፤ ወይም ቦታው በጥያቄ ምልክት ይሞላል። የመጀመሪያው ዓይነት ጉዳት በባለሙያ ሊታከም ይችላል፤ የጥያቄ ምልክት የሆነው ግን ከዚያ ወዲያ የለም።

በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የተጨመሩት ሆሄያት ደግሞ ከቀደሙት ተለይተው አራት ባይት በሚጠይቀው የዩኒኮድ ክፍል ውስጥ ተመድበዋል። ማይኤስኪውኤል ለረጅም ጊዜ «ዩቲኤፍ-8» ብሎ ይጠራው የነበረው አያያዝ ከሦስት ባይት አያልፍም። ስለዚህ አማርኛን በሚገባ የሚይዝ አሮጌ ድረ ገጽ የጉራጌን ቃል ላይቀበል ይችላል። የብዙ ቋንቋዎች የስያሜ ስብስብ ለሚያዘጋጅ ክፍል ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

የፍለጋው ነገር ከሁሉ የከበደ ነው። በድሩፓል ዋና አካል ያለው የፍለጋ ክፍል ሲጫን ከሦስት ፊደል በታች የሆነን ቃል በዝርዝሩ አያስገባም፤ ማይኤስኪውኤልም በቀድሞው የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋው ከአራት ፊደል በታች ያለውን ይተዋል። ይህ ለእንግሊዝኛ የተቀመረ ልክ ነው፤ እዚያ አጫጭሮቹ ቃላት አገናኞችና መስተዋድዶች ናቸውና። በእኛ አጻጻፍ ግን አንዱ ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቤት፣ ሰው፣ ቃል፣ ውሃ፣ ልጅ፣ ፊት ሁሉም ሁለት ፊደላት ናቸው። መዝገበ ቃላት ሠርቶ «ቃል» የሚለውን ቃል ፈልጎ ማጣት እንግዳ ነገር ነው፤ ልኩን በአንድ ቁጥር ማስተካከል ይቻላል፣ ነገር ግን መስተካከል እንዳለበት የሚያውቀው ቋንቋውን የሚያውቀው ሰው ነው። ወርድፕሬስ በበኩሉ የቃል ወሰን ሳይጠብቅ የተሰጠውን የፊደል ድርድር በጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል። በላቲን ፊደል ይህ ዘዴ የቃሉን ዘሮች ይሰበስባል፤ ቅጥያ ሲጨመር መነሻው አይለወጥምና። «ቤት» ብሎ የፈለገ ግን «ቤቱ»ን፣ «ቤቶች»ን፣ «ቤታችን»ን አያገኝም፤ ቅጥያው ሲመጣ «ት» ራሷ «ቱ»፣ «ቶ»፣ «ታ» ትሆናለችና። ለአንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የፊደላችን ጠባይ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገለጥ መሆኑ ያስገርማል።

ፀሐይን፣ ጸሐይን፣ ጸሀይንም ሥርዓቶቹ እንደ ተጫኑ ሦስት ቃላት አድርገው ይቆጥራሉ፤ በተራ ሲደረደሩም ሀ፣ ሐ እና ኀ በሦስት ሩቅ ቦታዎች ይበተናሉ። ይህ የሥርዓቶቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ እኛም በዚህ ጉዳይ ከተስማማን አይመስለኝም። ቅደም ተከተሉም ቢሆን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው «ሀ ለ ሐ መ»ን ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት በ«አ በ ገ ደ» ሥርዓቱ እንዳለ ላቅርብ የሚል ቢኖር ተራውን በእጁ ማበጀት ይኖርበታል።

የርእስ ርዝመትም እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ወርድፕሬስ ከርእሱ የገጹን አድራሻ ሲሠራ ለአድራሻው 200 ምልክት መድቧል። አንዱ የግዕዝ ሆሄ በአድራሻ ውስጥ ሲጻፍ ዘጠኝ ምልክት ስለሚሆን ቦታው የሚበቃው ለ22 ሆሄያት ያህል ነው። ከዚያ የሚረዝም ስያሜ፣ ከሕክምናና ከሕግ የሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ አድራሻው መሐል ላይ ይቆረጣል። በሚዲያዊኪ የርእሱ ወሰን 255 ባይት በመሆኑ 85 ሆሄያት ያህል ይይዛል።

ርእሱ ማንነት በሆነበት ቤት

የሚዲያዊኪ ችግር ሌላ ነው። በ2002 መጨረሻ የተጀመረው ዊክሽነሪ በዚሁ ሥርዓት ስለሚሠራ የገጹ ማንነት የተጻፈው ቅርጽ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም፤ ስለዚህ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» የሚሆነው «አለ» በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛል። «ገና» በዓሉና «ገና» ጊዜው አብረው ይቀመጣሉ። በአንጻሩ አንዱ ፀሐይ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ገጽ ያገኛል። ሁለት ቃላት አንድ ሲሆኑ፣ አንዱ ቃል ሦስት ይሆናል። የዊኪዳታ አዘጋጆች በሜይ 2018 የቃላት መረጃን ለብቻው መያዝ ሲጀምሩ ይህን ችግር በሚገባ አስተውለውታል፤ በዚያ እያንዳንዱ ቃል የሚታወቀው በአጻጻፉ ሳይሆን በተሰጠው ቁጥር ነው፤ አጻጻፎቹ በሥሩ ይዘረዘራሉ።

ለስያሜ ሥራ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። መዝገበ ቃላት ከቃሉ ተነሥቶ ወደ ፍቺው ይሄዳል። የስያሜ ስብስብ ከጽንሰ ሐሳቡ ተነሥቶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ይመዘግባል። የሚያዘው ነገር ጽንሰ ሐሳቡ ነው፤ ቃላቱ የእርሱ መስኮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ልጥፍ ወይም እንደ ዊኪ ገጽ ለመያዝ መሞከር ካባን እንደ ኩታ መልበስ ነው፤ መልበስ ይቻላል፣ ግን አይሆንም። በዚህ ረገድ የድሩፓል አንጓና መስኮቹ ከሌሎቹ ይሻላሉ፤ ከስምንተኛው እትም ወዲህም የብዙ ቋንቋ አያያዝ በዋናው አካል ውስጥ ተካቷል። ወርድፕሬስ ይህን እስካሁን የሚያገኘው በተሰኪዎች ነው።

የምርጫው ጉዳይ

ታዲያ ድሩፓል ይመረጣል ማለት ነውን? ታሪኩ ያን ያህል ቀላል መልስ አይፈቅድም። ስምንተኛው የድሩፓል እትም በኖቬምበር 2015 ሲወጣ ውስጡ ከመሠረቱ ተለውጦ ነበር። ከሰባተኛው ወደ ስምንተኛው መሻገር ማደስ ሳይሆን አፍርሶ መሥራት ሆነ። ብዙ ተቋማት ወጪውን አልቻሉም። በዚህም ምክንያት በ2021 ሊያበቃ ታቅዶ የነበረው የሰባተኛው እትም ድጋፍ እየተራዘመ እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ዘለቀ። የአሜሪካው የዋይት ሐውስ ድረ ገጽ በኦክቶበር 2009 ወደ ድሩፓል በገባ ጊዜ ለሥርዓቱ እንደ ታላቅ ድል ተቆጥሮ ነበር፤ በዲሴምበር 2017 ወደ ወርድፕሬስ ተዛወረ። ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። ወርድፕሬስም ቢሆን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ በሴፕቴምበር 2024 በመሥራቹና ደብሊውፒ ኢንጂን በተባለ አስተናጋጅ ኩባንያ መካከል በተነሣው ክርክር የኩባንያው ደንበኞች ማሻሻያ የሚወርድበት ምንጭ ለጊዜው ተዘግቶባቸዋል። በሌላ ሰው ቤት በነጻ ገጽ የሚሠራባቸው አገልግሎቶች ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በያሁ ሥር የነበረው ጂኦሲቲስ በኦክቶበር 2009 ሲዘጋ እጅግ ብዙ ሰዎች የጻፉት ጠፋ፤ ከፊሉን ያተረፉት በራሳቸው ፈቃድ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ከአንድ መዝገበ ቃላት ዕድሜ ጋር እናስተያየው። የግዕዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ሙሉ ዕድሜያቸውን ሠሩበት፤ እርሳቸው ሲያልፉ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳትመው አወጡት። ጽሑፉ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲሻገር ከመጀመሪያው የቀረ ነገር የነበረው ብራናና ቀለሙ አይደለም፤ የተዋረሰው ቃሉ ከነፍቺው ነው። ስምንት ዓመት የሚኖር ሥርዓት ሁለትና ሦስት ትውልድ ለሚፈጅ ሥራ ማደሪያ እንጂ መኖሪያ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የስብስቡ ዋና ቅጂ በየትኛውም የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ከሥርዓቶቹ ውጭ፣ እያንዳንዱ መስክ ተለይቶ በተሰየመበት ግልጽ የጽሑፍ ፋይል መያዝ አለበት፤ ለስያሜ ሥራ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው ቲቢኤክስ የተባለው አጻጻፍ ለዚህ የተሠራ ነው። ሥርዓቱ የሚያደርገው ማሳየት ብቻ ይሁን። ይህ የሚቻል መሆኑን ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ዌቦናሪ በተሰኘው አገልግሎቱ አሳይቷል፤ መዝገበ ቃላቱ ፊልድወርክስ በተባለ የቋንቋ ባለሙያ ፕሮግራም ይዘጋጃል፣ ወርድፕሬስ የተባለው የዕለት ማስታወሻ ልጅ ደግሞ የተዘጋጀውን ተቀብሎ ያቀርባል። ቃሉ ቀን ተለጥፎበት ቢታይም ቤቱ ሌላ ቦታ ስለ ሆነ አይጎዳም።

ዋናው ቅጂ እንዲህ ከተያዘ የማሳያው ምርጫ ይቀልላል። ቋሚ የኮምፒዩተር ባለሙያ ላለው፣ የብዙ ቋንቋ ስያሜ ለሚያወጣ ክፍል ድሩፓል ተገቢ ነው። ሁለትና ሦስት ሰው ላለው፣ ባለሙያውም በወር አንድ ቀን ለሚመጣለት ክፍል ወርድፕሬስን መጠቀም ብልህነት ነው፤ የሚያውቀው ሰው አይታጣም። ሚዲያዊኪን ለተፈቱ ቃላት አልመርጠውም። ገና ያልጸደቁ ስያሜዎች ለውይይት በሚቀርቡበት ደረጃ ግን እርሱን የሚያህል የለም፤ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ አንድም ሳይቀር ይመዘግባልና፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ አንድ ስያሜ አመጣጥ ለሚጠይቅ ተመራማሪ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የማይነግረውን ይነግራል።

ሥርዓቱን ከመወሰን በፊት ሻጩ ወይም ባለሙያው በሚያሳየው ምሳሌ መርካት አይገባም፤ ምሳሌው ዘወትር የሚሠራ ነው። ከስብስቡ አስቸጋሪ የሆኑ ሃምሳ ቃላት ተመርጠው ይግቡ፤ «አለ» በሁለት ፍቺው፣ «ፀሐይ» በሦስት አጻጻፉ፣ «ቤት»ና «ቃል»፣ ከ22 ሆሄያት የሚረዝም አንድ የሕክምና ስያሜ፣ ከአዲሶቹ የጉራጌ ሆሄያት አንዱ ያለበት ቃል። ይፈለጉ፣ በተራ ይደርደሩ። ከዚያ ሃምሳው ቃላት ከሥርዓቱ ወጥተው ወደ ሌላ ሥርዓት ይግቡና የወጣው ከገባው ጋር መስክ በመስክ፣ ፊደል በፊደል ይመሳከር። ይህ ለሁለት ሰው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። በማመሳከሪያው ላይ መቀመጥ ያለበትም ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው ሳይሆን ቃላቱን የፈታው ሰው ነው፤ «ሠ» በ«ሰ» ተተክታ ብትወጣ ስሕተቱ የሚታየው ለእርሱ ነውና።